ጭነት የሌላት ጀልባ

ኦድለም፣ ቼሻየር
ማርች 3 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ ለኬዛያ፣

ይህ ደብዳቤ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ቲማሩ ሲደርስ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ደጅዎንም በሰላም ያግኝልኝ። እኔ የወንድምዎ የአሞስ ልጅ ቤሪል ነኝ። እርስዎ ወደ ኒውዚላንድ ሲሄዱ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ መልኬ ትዝ አይልዎትም ይሆናል። እኔ ግን አረንጓዴውን ካፖርትዎን አስታውሳለሁ።

መርዶ በደብዳቤ መንገር ደስ አይልም፤ ሌላ መንገድ ግን የለኝም። አባዬ ፌብሩዋሪ 11 ቀን አረፈ። ሳንባው ነበር፤ ብዙ አልተሰቃየም። ቀብሩ ላይ ከሠላሳ የማያንሱ የጥንት ጀልበኞች መጥተው ነበር፤ ግማሾቹ በከዘራ፣ አንዱ በልጁ ትከሻ ተደግፎ። አድራሻዎን ያገኘሁት ከገና ካርዶችዎ ላይ ነው። አንዱንም ሳይጥል ሁሉንም አስቀምጧቸዋል። በአንዳቸውም ላይ ከስምዎ በቀር የተጻፈ ነገር የለም፤ የእሱም ለእርስዎ እንዲሁ እንደነበር እገምታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባዬ ጡረታ ሲወጣ የገዛት ዶርካስ የምትባል ቀጭን ጀልባ አለች፤ ማርኬት ድሬይተን ቦዩ ላይ ታስራ ቆማለች። ለእኔና ለወንድሜ ለደዝሞንድ እኩል አውርሶናል። ደዝሞንድ ውሃ ይበላሻል እያለ እንሽጣት ይላል። እኔ ሞቼ ነው ቆሜ አልኩት። ሦስት እሑድ ተጨቃጭቀን በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ጁን 15 ቀን ብቻዬን፣ ጀልባዋን ከምንም ሳላጋጭ፣ አሥራ ሰባቱን የውሃ በር አሳልፌ ከድሬይተን ኦድለም ወደብ ካወረድኳት ድርሻውን ይፈርምልኛል። ካልሆነ ትሸጣለች።

ችግሩ፣ አባዬ አንድ ቀን እንኳ መሪ አስይዞኝ አያውቅም። በናንትዊችና በዊትቸርች መካከል ሃምሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ ስነዳ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እሱ ግን "ያንቺ እጅ ለጀልባ አልተሠራም" እንዳለኝ ሞተ። ከቤተሰባችን ጀልባ ላይ ተወልደው በሕይወት የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እባክዎ ያስተምሩኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ቤሪል

•

ቲማሩ
ማርች 24 ቀን 1996

ለቤሪል፣

አምላክ ያጽናችሁ፤ አሞስንም በደግ ቦታ ያሳርፈው። ደብዳቤሽን ጓሮ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ የጀመርኩትን ድንች ቆፍሬ ጨረስኩ። ሌላ ምን ይደረጋል።

ስለ ጀልባዋ፦ ሽጧት። እኔ የማውቀው ጀልባ የሚጫን እንጂ የሚንሸራሸሩበት አይደለም። እኛ ቤት "ዛሬ ስንት ቶን?" ነበር የሚባለው። ባዶ ጀልባ ይዞ ወዴት ነው የሚኬደው?

የአሞስ ፎቶግራፍ ካለሽ ላኪልኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ስለ ቦዩም ዳግመኛ አትጻፊልኝ።

ጤና ይስጥሽ። ኬዛያ

•

ኦድለም
ኤፕሪል 14 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ፣

እዚያ መኸሩ በረከት ይሁንልዎት፤ እዚህ ጸደይ ገብቶ የበግ ግልገሉ ሜዳውን ሞልቶታል። ፎቶግራፉን ይኸው ልኬያለሁ። ባለፈው ዓመት ነው የተነሣው፤ የመሪውን ዘንግ በብብቱ ይዞ፣ ፒፓውን ነክሶ።

ስለ ቦዩ አትጻፊ ብለውኛል፤ ስለዚህ ስለ ድልድይ ልጻፍልዎት። ባለፈው ቅዳሜ ከደዝሞንድ ጋር ለልምምድ ወጣን። እሱ ጉልበቱን ስለሚያመው ፊት ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል፤ እኔ ኋላ ቆሜ እመራለሁ። ሩብ ማይል ያህል ደህና ሄድኩ። ከዚያ ድልድዩ መጣ። እውነቴን ነው፣ ድልድዩ ነው የመጣብኝ። መሪውን እንደ አውቶቡስ ልሄድበት ወዳሰብኩት ጎን ገፋሁት፤ ዶርካስ በተቃራኒው ሄዳ የድንጋዩን ማዕዘን ሳመችው። ደዝሞንድ ከነሳንድዊቹ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ተነሥቶ ኮቱን ካራገፈ በኋላ፣ "ይህ ድልድይ መቶ ስልሳ ዓመት እዚችው ቆሟል፤ ድንገት ገባብኝ እንዳትይ" አለኝ።

ወዴት ነው የሚኬደው ላሉኝ፦ የትም። በሰው እርምጃ እየሄዱ ሻይ መጠጣት ነው። አሁን ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይኸንን ነው። አባዬም በሽምግልናው ያደርገው ነበር፤ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም እሱን ፈልጌ ነው፤ እሱ የሄደበትን መንገድ በራሴ እጅ መሄድ። ሁለት ወር ቀረኝ፤ የማማክረው ሌላ ሰው የለኝም።

በአክብሮት፣ ቤሪል

•

ቲማሩ
ሜይ 2 ቀን 1996

ለቤሪል፣

ክንድሽን ያበርታልሽ፤ የምትሰሚበት ጆሮም ይስጥሽ። ፎቶው ደረሰኝ። አሞስ ሸምግሏል፤ ኮፍያው ግን ያው የድሮው ነው ልበል? መስኮቱ ጋ አቁሜዋለሁ።

ይኸውልሽ። ጀልባ አውቶቡስ አይደለችም። የምትታጠፈው በወገቧ ነው፤ አፍንጫዋ ወደ ግራ ሲሄድ ጭራዋ ወደ ቀኝ ይወጣል። መሪውን መሄድ ወደማትፈልጊበት ጎን ግፊው። የምታዪው ፊትሽ ያለውን አይሁን፤ ከደቂቃ በኋላ የሚመጣውን ነው። ስትፈሪ ሞተሩን አታስጩሂ፤ ስትቸኩል ውሃው ከሥሯ ይሸሻል፣ እሷም ጭቃው ላይ ትቀመጣለች። ጠባብ ቦታ ስትገቢ መተንፈስሽን እንዳትረሺ፤ ከጀልበኛ ሚስቶች ግማሾቹ እዚያ ላይ ነው ትንፋሻቸውን የሚይዙት።

የውሃ በር ሁለት መዝጊያ ያለው የድንጋይ ሳጥን ነው፤ ውሃው ሲለቀቅ ጀልባይቱ እንደ ባልዲ ወደ ታች ትወርዳለች። ይህን አይተሻል። ያላየሽው ግን ከላይኛው መዝጊያ ሥር፣ ውሃው የሸፈነው የድንጋይ ደፍ አለ። ስትወርጂ የጀልባሽ ጭራ ከደፉ ፈቀቅ ማለቱን በገዛ ዓይንሽ ዞረሽ ሳታዪ አንዲት ጠብታ እንዳትለቂ። ጭራዋ ደፉ ላይ ከቀረ ትሰቀላለች። ይህን በመሐላ ቃል ግቢልኝ። ካልገባሽልኝ ሌላ ደብዳቤ አልጽፍልሽም።

ኬዛያ

•

ኦድለም
ሜይ 12 ቀን 1996

ለውድ አክስቴ፣

ለትምህርትዎ እድሜ ይስጥልኝ፤ ቃሌን በመሐላ ሰጥቻለሁ። አሁን የደፉ ቦታ በግንቡ ላይ በነጭ ቀለም ተሠምሮበታል፤ እሱን ሳላልፍ ውሃ አልለቅም። ባለፈው ሳምንት ያንን ድልድይ አራት ጊዜ ሳልነካው አለፍኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ካስቀየምኩዎ ይቅርታ። አባዬ በ1953 ኦድለም ሦስተኛው በር ላይ ጀልባ አስጥሞ ከሥራ እንደተባረረ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ደዝሞንድ ትምህርት ቤት ሳለ ልጆቹ "የአስጣሚው ልጅ" ይሉት ነበር። አባዬ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ያን ጊዜ አብረውት ይሠሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። እዚያ ነበሩ?

ቤሪል

•

ቲማሩ
ጁን 3 ቀን 1996

ለልጄ ለቤሪል፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ዝምታዬንም ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ ሁለት ሳምንት ሻይ ማሰሮው ሥር ተቀምጦ ነበር። በየጠዋቱ አነሣውና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

እዚያ ነበርኩ። መሪው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ኦክቶበር ነበር። ስኳር ጭነን እየወረድን ነው። ከኋላችን ሌላ ጀልባ መጣ፤ ወደቡ ላይ እንዳይቀድመን ብዬ ቸኮልኩ። አሞስ መሬት ላይ ሆኖ ውሃ መልቀቂያውን ብረት ይዟል። "ወጣሽ?" አለኝ፤ ከደፉ ፈቀቅ አልሽ ወይ ማለቱ ነው። ዘወር ሳልል "ወጥቻለሁ" አልኩት። ምላሴ ላይ የነበረው እሱ ስለሆነ ብቻ። እሱም አምኖኝ ለቀቀው።

ጭራዋ ተሰቀለ፣ አፍንጫዋ ሰመጠ፣ ውሃው ከፊት ገባ። አሞስ ብረቱን ጥሎ ዘለለና በቀሚሴ ጎትቶ አወጣኝ። ሃያ ቶን ስኳር ቦዩ ጠጣው። የመንደሩ ልጆች ሁለት ቀን ሙሉ እየመጡ ውሃውን በጣታቸው ይልሱ ነበር።

የድርጅቱ ሰው መጥቶ መሪው ላይ ማን እንደነበር ጠየቀ። አሞስ "እኔ" አለ። አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ጀልባውን፣ ሥራውን፣ የተወለድንበትን ቤት ነጠቁት፤ ቤታችንም ያችው ጀልባ ነበረች። አንድ ቀን ተሳስቶ እንኳ አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በዓመቱ መርከበኛ አግብቼ የዓለም ጫፍ መጣሁ፤ ሰው "ምነው በራቅሽ" ሲለኝ አየሩ ተስማምቶኝ ነው እላለሁ።

ልጄ፣ አባትሽ መሪ ያላስያዘሽ እጅሽን ንቆ አይመስለኝም። እህቱን ከውሃ ያወጣ ሰው ልጁን እዚያው ቦታ ላይ ማቆም አልቻለም። ለደዝሞንድም ይህን ወረቀት ስጪው። አስጣሚው አባቱ አይደለም።

ከፈለግሽ ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። ጁን 15ን ግን እኔም እዚህ እቆጥረዋለሁ።

ኬዛያ

•

ኦድለም
ጁን 16 ቀን 1996

ለምወድዎት አክስቴ፣

በረከት ከላይም ከታችም ይክበብዎት፤ ዛሬ የምመርቅበት አፍ አለኝና። ወርጃለሁ! አሥራ ሰባቱንም! ግን ከመጀመሪያው ልንገርዎት፤ ቀኑ እንዲህ ተቻኩሎ የሚነገር አልነበረም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ፣ ዊትቸርች መነሻው ላይ አነበብኩት፤ ሁለት ተሳፋሪ "ዛሬ አንሄድም እንዴ?" እስኪሉኝ ድረስ ሰዓት አልፎብኝ ነበር። እንዳልጽፍልዎት ያሉትን እንዳልሰማሁ ቆጥሬዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ገመዱን ፈታሁ። ጉም ውሃው ላይ ተኝቷል። ሞተሩን በዝቅተኛው አድርጌ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ድሬይተን ቀስ ብሎ ከጎኔ ሄደ። ዳክዬዎች ከነጫጩታቸው ለመሸሽ እንኳ አልተጣደፉም። ዓሣ አጥማጁ ረጅሙን ዘንጉን ሳይነጫነጭ አነሣልኝ። ቦዩ ዳር ውሻ ከሚያናፍሱ አንዲት ሴትዮ ጋር ለግማሽ ሰዓት ጎን ለጎን ሄድን፤ ስለ ልጃቸው ሠርግ ከመጀመሪያው እስከ ኬኩ ድረስ ነገሩኝ፣ ከዚያ ቀድመውኝ ሄዱ። ውሻው በሰዓት ከሦስት ማይል በላይ ይሄዳል።

አደርሌይ ያሉትን አምስቱን በሮች አንድ በአንድ አለፍኳቸው። እገባለሁ፣ ገመዴን ይዤ እወርዳለሁ፣ መዝጊያውን በጀርባዬ እገፋለሁ፣ ነጩን መስመር አያለሁ፣ ደግሜ አያለሁ፣ ከዚያ እለቃለሁ። ከአምስተኛው በኋላ ከእሾህ ቁጥቋጦው ጥላ ሥር አሰርኳትና ቋሊማ ጠበስኩ። ላሞች መጥተው አጥር ላይ ተደርድረው አዩኝ። ያን ያህል ጣፋጭ ቋሊማ በልቼ አላውቅም። ሻዬን ጣሪያው ላይ ተቀምጬ ጠጣሁ፤ ማንም አልጠራኝም፣ ማንም ሰዓቱን አልጠየቀኝም። አባዬ የሚሄድበት "የትም" ይኸው ነበር ለካ።

ከሰዓት በኋላ ኦድለም ደረስኩ። ሦስተኛው በር ላይ ደዝሞንድ ቆሟል። ስምምነታችን ወደቡ ላይ እንዲጠብቀኝ ነበር፤ አልቻለም። በዚያ ጉልበቱ ብስክሌት ነድቶ መጥቷል። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። ገና ሳልገባ "ወደ ቀኝ! ገመዱን! ቀስ!" ማለት ጀመረ። "ዴዝ፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፤ አፍህንም አብረህ" አልኩት። ከተተው።

ከኋላዬ ደግሞ አራት ጎረምሶች ለሽርሽር የተከራዩት ጀልባ ደረሰ። ቢራቸውን ይዘው ይጮሃሉ። አንዱ፣ "እመቤት፣ ይህን በር የምናልፈው ዛሬ ነው ወይስ ለገና?" አለኝ። እጄ ብረቱ ላይ ነበር። እንደ እርስዎ ቀን መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከኋላ የሚቸኩል፣ ከፊት በር፣ እጅ ላይ ብረት። ብረቱን ለቅቄ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ጭራዋን አየሁ። ከነጩ መስመር በአንድ ክንድ ያህል ቀርታለች! ያሰርኳት መስሎኝ ነበር እንጂ ገመዱ ላልቶ ወደ ኋላ ተንሸራትታለች። ጎትቼ ወደ ፊት አመጣኋት፣ አጥብቄ አሰርኳት፣ ደግሜ አየሁ። ከዚያ ለጎረምሳው፣ "ዛሬ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ" አልኩት። ውሃውን ለቀቅኩ። ዶርካስ እንደ ባልዲ፣ ቀጥ ብላ ወረደች።

ደብዳቤዎን ለደዝሞንድ እዚያው ሰጠሁት። የመዝጊያው እንጨት ላይ ተቀምጦ አነበበው፤ ሁለቴ። ከዚያ፣ "እና ሽማግሌው አርባ ዓመት አፉን ዘጋ?" አለ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። የቀረውን ዘጠኝ በር ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ አጀበኝ፤ አንድ ትእዛዝ አልሰጠም።

ወደቡ ላይ ሚስቱና ግማሹ መንደር ቆመው ነበር። "የትም አልነካሽም?" አለኝ በሰው ሁሉ ፊት። አደርሌይ ላይ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ እንደነካሁ ነገርኩት። "ቅርንጫፍ አይቆጠርም" ብሎ ከመጠጥ ቤቱ ብዕር ተውሶ ፈረመ። ከዚያ ዞሮ ለተሰበሰበው ሰው፣ አባታችን በ1953 ጀልባ እንዳላስጠመ፣ ነገሩን በመሐላ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ተናገረ። ስምዎን አልጠራም። ጭብጨባው ግን ወደቡ ላይ ያሉት ዳክዬዎች ሁሉ እስኪበሩ ድረስ ነበር።

አክስቴ፣ እኔም እንደ አባዬ አልወቅስዎትም። እሱ ዝም ብሎ ነው የማረዎት፤ እኔ ግን ለፍላፊ ስለሆንኩ እናገረዋለሁ፦ ይምጡ።

ልጅዎ፣ ቤሪል

•

ቲማሩ
ጁላይ 1 ቀን 1996

ለልጄ፣

እጅሽ ይባረክ፤ ደግሞ ይባረክ። ደብዳቤሽን ለጎረቤቶቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ "ዛሬ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ" የምትይበትን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። የጀልባዋ የፊት አልጋ ርዝመቱ ስንት ነው? ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አከርካሪዬ አይታጠፍም። ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩሽ።

ኬዛያ

•

ኦድለም
ጁላይ 10 ቀን 1996

አክስቴ፣

መንገድዎን ያቅናልዎት። አልጋው ይበቃዎታል፤ ደዝሞንድ ተጋድሞ ለካው፣ ከዚያም እንቅልፍ ወሰደው። ሴፕቴምበር ይምጡ፤ ጥቁር እንጆሪው ያን ጊዜ ነው የሚደርሰው። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ጀልባዋ ላይ ማንም ቶሎ አይነሣም።

ቤሪል

•

ቲማሩ
ኦክቶበር 9 ቀን 1996

ለልጄ ለቤሪል፣

ከእናንተ ዘንድ ተመልሼ ቤቴ በሰላም ገብቻለሁ፤ አንቺንም ደዝሞንድንም ዶርካስንም ሰላም ያውላችሁ። ሌላውን ሁሉ በአፌ ነግሬሻለሁ፤ በአፌ ያልነገርኩሽን ልጻፍልሽ።

ዶርካስ ላይ በመጀመሪያው ሰዓት ተቁነጥንጬ ነበር፤ አይተሻል። እጄ ሥራ ፈለገ። "ወዴት ነው?" ስልሽ "የትም" ትይኛለሽ። ከዚያ አፍንጫዋ ላይ ወንበር አወጣሽልኝ። እስከ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ቦዩ ላይ ኖሬ ፊት ተቀምጬ አላውቅም ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሁልጊዜ ኋላ ነበርኩ፤ ከፊቴ ጭነት፣ ከጭነቱ ወዲያ ትንሽ ውሃ። ያን ቀን ማንም ያልቆረጠውን ውሃ አየሁ፤ ሰማዩን ይዞ ተዘርግቷል፣ እኛ ስንደርስ በዝግታ ይከፈታል። ዝም ያልኩት አሞኝ አልነበረም።

ሦስተኛው በር ላይ መሪውን ስትሰጪኝ ደዝሞንድ ቀለሙ ጠፋ። አንቺ መሬት ላይ ሆነሽ ብረቱን ይዘሽ "ወጥተዋል?" አልሽኝ። ዞርኩ። አየሁ። ደግሜ አየሁ። "ወጥቻለሁ" ስልሽ በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኩት ቃል የለም። ስንወርድ ግንቡ ረጥቦ በጎኔ ወጣ፤ ከታች በሩ ሲከፈት ፀሐይ ነበረ። ጮክ ብዬ የሳቅኩት ለዚያ ነው። በእጄ ጭነት ሳይኖር፣ ማንም ሳይጠብቀኝ፣ አለፍኩት።

የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ክራይስትቸርች ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ለተሳፋሪው ሁሉ የሚሞላ ወረቀት ሰጡን። "ሥራ" የሚል ቦታ አለው። በ1954 በመርከብ ስወጣ ጸሐፊው ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር፤ ያን ጊዜ መጻፍ አልችልም፣ አፍሬም ስለነበር "ምንም" ብዬው "ምንም" ብሎ ጻፈ። አሁን ብዕሩን ይዤ በራሴ እጅ፣ በትልልቁ፣ "ጀልበኛ" ብዬ ሞላሁት።

ወረቀቱን የተቀበለኝ ወጣት አነበበውና ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ጡረታ የወጡ ማለትዎ ነው፣ እናቴ?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት። ማኅተሙን መታልኝ።

አክስትሽ ኬዛያ